ወርክሺት ላይ ይደፍናሉ፣ ሲያወሩ ግን «ሞር ቺፐር ፍሮም» ይላሉ። ኮምፓራቲቭን (የማወዳደሪያ ቅጽልን) እንዴት ነው የምታስተምሩት?

የማታ ክፍል መምህርት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ለትልልቅ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ አሁን የያዝኩት ኢንተርሚዲየት ክፍል ነው፣ 19 ናቸው፣ ባንክ የሚሰሩ አሉ፣ መርካቶ ሱቅ ያላቸው አሉ፣ ሁለት ነርሶች አሉ፣ ተመርቀው ስራ እየፈለጉ ያሉም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ህጉን ያውቁታል። አጭር ቃል ከሆነ መጨረሻው ላይ ኢአር፣ ረጅም ከሆነ ከፊቱ ሞር፣ ጉድ ቤተር ቤስት፣ ባድ ወርስ ወርስት፣ ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸው ይወጡታል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየክፍሉ ተምረውታላ። ባለፈው ሳምንት 20 ጥያቄ ያለው ወርክሺት ሰጥቻቸው አብዛኞቹ 18 እና ከዚያ በላይ አመጡ፣ ሶስቱ ደፈኑ። ደስ ብሎኝ እረፍት ወጣን፣ ሻይ እየጠጣን ከደፈኑት አንዱ ለጓደኛው ስልኩን እያሳየ «ዚስ ዋን ኢዝ ሞር ቺፐር ፍሮም ዩርስ» አለው። ጓደኛው ምንም ሳይመስለው «የስ፣ በት ማይን ኢዝ ቬሪ ፋስተር» ብሎ መለሰለት። አንዷ ደግሞ ስለ ወንድሟ እያወራች «ሂ ኢዝ ግሬት ፍሮም ሚ ባይ ቱ ይርስ» አለች። ያቺ ወረቀት ላይ «ኦልደር ዛን» ብላ በትክክል የሞላች ልጅ ናትኮ!

ስንገባ ህጉን እንደገና ቦርድ ላይ ጻፍኩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ገብቶናል ቲቸር» አሉ፣ በሚቀጥለው ክላስ ያው ናቸው።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። በተግባር ላሳያቸው ብዬ አራት ተማሪ ፊት አውጥቼ በቁመት አሰለፍኳቸውና እገሌ ኢዝ ቶለር ዛን እገሌ አስባልኩ። በጣም አጭሯ ልጅ ፈገግ ብላ ነው የቆመችው፣ ቦታዋ ስትመለስ ግን ደብተሯን ዘጋች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እስክንወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሚቀጥለው ቀን መጥታለች፣ ያ ፊቷ ግን ከአይኔ አልጠፋም።

እና ህጉን ለሚያውቅ ሰው ያንኑ ህግ ደግሞ ደጋግሞ መንገር ምን ያደርጋል? የጎደላቸው ነገር ምንድነው? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ጠመኔ፦

እህቴ የጎደላቸው ነገር የለም፣ አፋቸው እንግሊዝኛ ይላል እንጂ የሚያወዳድረው አማርኛቸው ነው። 27 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ፣ ይሄን ስህተት እንደስሜ አውቀዋለሁ።

እስቲ ራስሽ አስተውይው። አማርኛ ሲያወዳድር ቅጽሉን አይነካውም። «ረጅም ነው» እና «ከእኔ ረጅም ነው» ብለሽ አስተያይው፣ ረጅም ላይ ምንም አልተጨመረም፣ የማወዳደሩን ስራ ብቻዋን የምትሰራው ያቺ ከ ናት። ይቺው ከ ደግሞ «ከጎንደር መጣሁ» ላይ ያለችው ናት፣ እንግሊዝኛዋ ፍሮም ነው ብለን ከታች ክፍል ጀምሮ ያስጠናናቸው እኛው ነን። ስለዚህ ተማሪው ፍሮም ካለ በልቡ ማወዳደሩን ጨርሷል፣ ኢአሩ ቢቀር ምንም የጎደለ አይመስለውም። ትግርኛ ተናጋሪ ካለሽም ያው ነው፣ «ካባይ ይነውሕ» ይላል፣ ካብ የእኛዋ ከ ናት። አረብ ሀገር ቆይታ የመጣች ተማሪ ካለችሽም አረብኛው «አክበር ሚን» ነው የሚለው፣ ሚን ያው ፍሮም ነው፣ ሁለት ቋንቋ አንድ ስህተት ያጸናባታል ማለት ነው።

ሌላው፣ እኛ ብዙ ጊዜ የምናወዳድረው በግስ ነው፣ ይረዝማል፣ ይወደዳል፣ ይረክሳል፣ ይሻላል፣ ይብሳል። ግስ ስለሆነ «በጣም» ሲገባበት ምንም አይለውም፣ «በጣም ይፈጥናል» ጥሩ አማርኛ ነው። ያ ልጅ «ቬሪ ፋስተር» ያለው ከዚያ አምጥቶ ነው፣ እንግሊዝኛው እዚህ ቦታ ላይ ቬሪን አይቀበልም፣ ማች ወይ ፋር ነው የሚፈልገው። «ሞር ቺፐር» ደግሞ «የበለጠ ርካሽ» ስንል የምንለው «የበለጠ» ሄዶ ሞር ሆነና ኢአሩ ላይ ተደረበ። የወንድሟን ነገር ተይው፣ «በሁለት ዓመት ይበልጠኛል» ነው ቃል በቃል፣ በ ባይ ሆነች፣ ይበልጣል ግሬት ሆነ። እንግሊዝኛው ልዩነቱን ከፊት ነው የሚያስቀምጠው፣ ቱ ይርስ ኦልደር ዛን ሚ። ይሄንን ማንም ቁጭ አድርጎ አላሳያትም፣ ወርክሺቱም አይጠይቅም፣ ወርክሺቱ የሚጠይቀው በቅንፍ የተሰጠውን ቃል ቀይር ብቻ ነው፣ ዛን ተጽፎ ነው የሚመጣው!

እኔ የማደርገው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰውቼ አማርኛውን በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ እጽፋለሁ፣ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ከዚያ «የማወዳደሩን ስራ እዚህ ጋ የሚሰራው የቱ ነው፣ እዚያ ጋስ?» ብዬ ጠመኔውን ለተማሪ እሰጣለሁ፣ ወጥተው ያከብባሉ። በግራ አንዲት ክብ፣ በቀኝ ሁለት ክብ ይወጣል፣ ኢአር እና ዛን። ያንን ሁለት ክብ ራሳቸው ሲያዩት ነው የሚደነግጡት። ከዚያ በኋላ ዛንን ለብቻው አላስተምርም፣ ቺፐርዛን፣ ቢገርዛን፣ ቤተርዛን እያልኩ እንደ አንድ ቃል አፋቸው ላይ አጣብቀዋለሁ። ፈረንጅ ሲያወራ ዛን ጎልቶ አይሰማም፣ ዘን ብሎ ይውጠዋል፣ ተማሪው ሰምቶት ስለማያውቅ ነው ከራሱ ፍሮም የሚያስገባው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የፍሮም ነገር ለካ ከዚያ ነው የሚመጣው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሀገራችን ሰዎች እንግሊዝኛ የምናግዝ ጥቂት ሰዎች አለን፣ ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ እድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፣ ልጆቻቸው ያመጧቸው እናቶችና አባቶች።

ይሄ ስህተት የግራመር ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ አባት ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፣ ነርሷ ጠዋት መጥታ ህመሙ እንዴት ነው አለቻቸው፣ እሳቸውም ሰው ላስቸግር ብለው የሚናገሩ አይደሉም፣ አስተርጓሚም አልጠየቁ፣ በሚችሏት እንግሊዝኛ «ቱደይ ኢዝ ባድ ፍሮም የስተርዴይ» አሏት። እሳቸው ያሉት ዛሬ ከትናንት ባሰብኝ ነው። እሷ የሰማችው ከትናንት ጀምሮ ያማቸዋል፣ ማለትም እንደነበረው ነው፣ አዲስ ነገር የለም። ያንኑ ጽፋ ሄደች። ማታ ልጃቸው ከስራ ስትመጣ እግራቸው አብጦ ቀልቶ አገኘችው፣ ቁስሉ ማመርቀዝ ጀምሮ ነበር። ተመስገን ተደርሶበታል፣ አሁን ደህና ናቸው፣ ክላስ ይመጣሉ፣ ከፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ነርሷ ላይ አልፈርድም፣ እሷ የሰማችው እንግሊዝኛ ልክ እንደዚያ ነው የሚለው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ኮምፓራቲቭን በቢግና በስሞል አልጀምርም። የመጀመሪያው ቀን «ኢት ኢዝ ወርስ ዛን የስተርዴይ»፣ «ኢት ኢዝ ኤ ሊትል ቤተር ዛን ላስት ዊክ»፣ «አባውት ዘ ሴም» እነዚህን ሶስቱን ነው፣ እጃቸውን የሚያማቸው ቦታ ላይ እያደረጉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠያየቃሉ፣ እንደምታውቁት በዚያ እድሜ ሁሉም የሚያመው ቦታ አለው። ነርሶች አሉኝ ካልሽ እህቴ አንቺም ከዚህ ጀምሪ፣ ነገ ራሳቸው በሽተኛ ሊጠይቁበት ነው።

ቦሌ ሚካኤል፦

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና አማርኛውን ቦርድ ላይ ከጻፍንላቸው ይበልጥ በአማርኛ እንዲያስቡ አናደርጋቸውም ወይ? እኔ ክፍሌ ውስጥ አማርኛ አላስገባም፣ ሲሳሳቱ ትክክለኛውን ብዬላቸው እንዲደግሙ አደርጋለሁ፣ ሲደጋገም ይገባቸዋል ብዬ ነው የማምነው።

ጠመኔ፦

ወንድሜ ለጀማሪ ህፃን ቢሆን እሺ ባልኩህ ነበር፣ እነዚህ ግን አማርኛው ውስጣቸው ገብቶ የተቀመጠ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ብትጽፈውም ባትጽፈውም እዚያው አለ። አንድ ቀን አውጥተህ ብታሳያቸው ነው የሚሻለው፣ ሁልጊዜ ጻፈው አላልኩም። ድገሙ የምትለው ላይ ግን አብሬህ ነኝ፣ አይቶ ብቻ የተናገረ የለም። ብቻ እየደገመ ያለው ምን እንደሆነ አውቆ ይድገም።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፦

የቁመቱን ታሪክ ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው፣ እኔም ተማሪ ሆኜ በክብደት አስቁመውኛል፣ እስካሁን አልረሳውም። እባካችሁ ሰውን ከሰው ማወዳደር ከክፍል ይውጣ፣ ቁመትም መልክም ማርክም። እኛኮ በባህላችንም ፊት ለፊት «ያንተ ያንሳል» አንልም፣ «የዚያን ያህል እንኳ አይደለም» ነው የምንለው። እንግሊዝኛውም ለዚህ የሚሆን አለው፣ ኖት አዝ ቢግ አዝ፣ ኖት አዝ ኢዚ አዝ፣ ኢንተርሚዲየት ከደረሱ ይቺን ማወቅ አለባቸው፣ ስሞለር ከማለት ለስላሳ ናት።

እኔ የምጠቀመው የቤት ኪራይ ነው። የማይኖርበት ሰው የለም፣ ሁሉም ያማረረው ነገር ስለሆነ አፉ በራሱ ይፈታል። ስድስት ካርድ እሰራለሁ፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ቤት፣ ሰፈሩ፣ ስንት ካሬ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ኪራዩ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ታክሲ መያዣው ድረስ ስንት ደቂቃ ያስሄዳል፣ ቅድሚያ ክፍያ የስንት ወር ይጠየቃል። አንዱ ደላላ ነው ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ሌላው ተከራይ ነው፣ ተከራዩ ካርድ የለውም፣ ጠይቆ ነው የሚያውቀው፣ እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ጠያቂው ራሱ ያላየውን ነገር ካልጠየቀ ማወዳደር አያስፈልገውምና ወርክሺት ላይ ያለው ይደገማል። ደላላው ውዱን ቤት ማከራየት አለበት፣ ስለዚህ ይከራከራል፣ «የስ ኢት ኢዝ ሞር ኤክስፔንሲቭ፣ በት ኢት ኢዝ ማች ክሎዘር ቱ ዘ ሜን ሮድ»። ስትዞሪ ስህተት አታርሚ፣ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ሲጨርሱ ማን እንዳለው ሳትናገሪ ቦርድ ላይ አውጪውና ራሳቸው ያርሙት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ የኪራይ ዋጋ ስታወዳድሩ «ዘ ሬንት ኢን ቦሌ ኢዝ ሃየር ዛን ኮተቤ» ይሉሻል፣ ኪራይን ከሰፈር ጋር አወዳደሩ ማለት ነው። ዛን ኢን ኮተቤ መሆን አለበት። አማርኛችን «የቦሌ ኪራይ ከኮተቤ ይወደዳል» ሲባል ስለሚያሳልፈው አይታያቸውም።

ሰልጣኝ መምህር፦

እዚሁ ላይ አንዲት ጥያቄ ልጨምር፣ ተማሪ ሁለት ሲለብል (ክፍለ ቃል) ያለውን ቃል ሲጠይቀኝ እየተምታታብኝ ነው፣ ክሌቨር፣ ናሮው፣ ኳየት ምናምን። ክሌቨረር ነው ሞር ክሌቨር?

ጠመኔ፦

ሁለቱም ይባላል፣ ክሌቨር፣ ናሮው፣ ኳየት፣ ሲምፕል በሁለቱም መንገድ ትክክል ናቸው፣ ተማሪ ላይ ኤክስ አታድርግ። በዋይ የሚያልቁት ግን አይኢአር ናቸው፣ ኢዚየር፣ ሀፒየር። ሞደርን፣ ፌመስ፣ ኬርፉል ሞር ይወስዳሉ። ታየርድና ቦርድም ሞር ናቸው፣ ፈንም እንደዚሁ። ሰዓትህን እዚህ ላይ አትጨርስ፣ የሚያስቸግራቸው ይሄ አይደለም።

ብዙ ተማሪ ላለባችሁ ደግሞ የእኔን ልንገራችሁ፣ 60 ልጅ ባለበት ክፍል ካርድ ማደል አይቻልም፣ ጠመኔና ቦርድ ነው ያለኝ። የሯጮቻችንን የማራቶን ሰዓት እጽፋለሁ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። አበበ ቢቂላ ሮም 1960፣ 2:15:16። አበበ ቶኪዮ 1964፣ 2:12:11። ኃይሌ በርሊን 2008፣ 2:03:59። ቀነኒሳ በርሊን 2019፣ 2:01:41። ትዕግስት አሰፋ በርሊን 2023፣ 2:11:53። ሌላ ምንም አልልም፣ ዝም ብዬ እቆማለሁ። መጀመሪያ ቀላሉ ይመጣል፣ ቀነኒሳ ከኃይሌ ይፈጥናል፣ ሁለት ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ፋስተር ዛን፣ እዚህ ላይ ያ የባይ ነገር ይስተካከላል ምክንያቱም ልዩነቱን ራሳቸው ቀንሰው ነው የሚያገኙት። ከዚያ አንዱ ልጅ፣ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም፣ አፉን ይዞ «ቲቸር፣ ትዕግስት ኢዝ ፋስተር ዛን አበበ!» ይላል። በ18 ሰከንድ፣ ከቶኪዮው ወርቅ! ክፍሉ ይነሳል። ወንዶቹ ጫማው ነው ይላሉ፣ ሴቶቹ አይሉም፣ «ዘ ሹዝ አር ላይተር ናው»፣ «ዘ ሮድ ኢዝ ፍላተር»፣ ያኔ ማንም ህግ አስቦ አይደለም የሚናገረው።

በመጨረሻ የምጠይቃቸው የትኛው ድል ይከብዳል ነው፣ ሮም በባዶ እግር የሮጠው ወይስ ቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው የሮጠው። ሃርደር፣ ሞር ዲፊካልት፣ ሞር ሰርፕራይዚንግ፣ ሞር ኢምፖርታንት ፎር አፍሪካ፣ ረጃጅሞቹ ቃላት እዚህ ይመጣሉ። አንድ ዓመት ደወል ተደውሎ አልወጣም አሉኝ። እኔ በበኩሌ ሮም ነው የምለው፣ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቶኪዮ ይላሉ።

የማታ ክፍል መምህርት፦

ተመልሼ መጣሁ፣ ሁላችሁንም በጣም ነው የማመሰግነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰኞ የጋሽ ጠመኔን ሁለት ክብ ሰራሁት። «ከእኔ ረጅም ነው» ብዬ ጽፌ የቱ ነው የሚያወዳድረው ስላቸው ረጅም የሚለውን ሊያከብቡ ነበር፣ ከዚያ አንዱ ባንክ የሚሰራው ልጅ «ቆይ፣ ረጅምማ ያው ነውኮ» አለ፣ ጸጥ አሉ፣ ከ ላይ ክብ ተደረገ። በቀኝ በኩል ሁለተኛው ክብ ሲወጣ ያቺ ስለ ወንድሟ ያወራችው «እና እስከዛሬ ግማሹን ብቻ ነበር የምንለው ማለት ነው?» አለች፣ ልክ ነሽ አልኳት። እርስዎ ያሉትን ቺፐርዛንም በመዝሙር ነው ያስባልኳቸው ማለት ይቻላል።

ረቡዕ የኪራይ ካርዱን። ስድስት አልበቃኝም አስር ሰራሁ። ያቺን በቁመት ያሰለፍኳትን አጭሯን ልጅ ደላላ አደረግኳት፣ ፈርቼ ነበር፣ እምቢ ትላለች ብዬ። ተከራይዋ የሆነው የመርካቶው ሰውዬ ነው፣ መከራከር ስራው ነው፣ «ቱ ስሞል፣ ቱ ስሞል» እያለ ቤቷን ያጣጥልባታል። እሷ ካርዷን ደረቷ ላይ ይዛ «ኦኬ፣ ኢት ኢዝ ኖት አዝ ቢግ አዝ ዘ አዘር ዋን፣ በት ዘ ዋተር ኢዝ ቤተር፣ ፋይቭ ደይስ ኤ ዊክ፣ ኤንድ ዩ አር ክሎዘር ቱ ዘ ታክሲ፣ ቴን ሚኒትስ ክሎዘር!» አለችው። ቴን ሚኒትስን ከፊት አስቀመጠችው! እኔ ያንን ገና አላስተማርኩም፣ ከቦርዱ ላይ ከሰኞው ነው ያነሳችው። ሰውዬው ተከራየ።

ሁሉም አልተስተካከለም። ሞር ቺፐር አሁንም አለ፣ ሰባት ጊዜ ጻፍኩት፣ ከሰባቱ አራቱ ያው የስልኩ ልጅ ነው። ፍሮምን ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፣ አንዱንም ራሱ ተናጋሪው መሃል ላይ «ፍሮ... ዛን፣ ዛን» ብሎ መለሰው። ለነርሶቹ የወርስ ዛን የስተርዴይን ነገር ነገርኳቸው፣ የአባትየውን ታሪክ ስነግራቸው አንዷ ደብተሯ የጀርባ ሽፋን ላይ ጻፈችው፣ የማታ ተረኛ ስለሆነች ውጪ ሀገር ዜጋ ሲመጣባት እንደምትጠቀምበት ነገረችኝ።

ለሞር ቺፐር የምታውቁት ነገር ካለ ጻፉልኝ። አርብ ሯጮቹን ይዤ ነው የምገባው፣ ሰዓቶቹን ከአሁኑ ወረቀት ላይ ገልብጫለሁ፣ አሰላለፉን ግን ቀይሬ ትዕግስትን መጀመሪያ ላይ ልጽፋት አስቤያለሁ።

ጠመኔ፦

አይ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ጻፊያት። ራሳቸው ያግኙት።